ወረቀቱን ከመፈረምዎ በፊት

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፉልን አንዲት አንባቢ ስማቸው እንዳይገለጽ ጠይቀዋል። ደብዳቤያቸው አጠር ተደርጎ እንዲህ ይነበባል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ በየቤታቸው ያሉ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ከሰባት ሳምንት በፊት ከአንዲት እናት ቤት ወጥቼ ወደ ሌላዋ ስሄድ፣ አረንጓዴ በርቶልኝ ቀጥታ በማለፍ ላይ ሳለሁ፣ ከፊት ለፊቴ ወደ ግራ የታጠፈ መኪና ገጨኝ። አሽከርካሪው ሽማግሌ ሰው ናቸው። ወርደው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔም ይቅርታ አልኳቸው። ፖሊሱ ለእሳቸው የቅጣት ወረቀት ሰጣቸው። አምቡላንስ ሲመጣ ደህና ነኝ ብዬ መለስኩት። በሁለተኛው ቀን ግን አንገቴን ማዞር ስላቃተኝ ኢመርጀንሲ ሄድኩ፤ ማስታገሻ ሰጥተው ሌላ ሐኪም እንዳይ ነገሩኝ፤ ሂሳቡን ፈርቼ አልሄድኩም። ለአለቃዬ አደጋ እንደደረሰብኝ ያን ዕለት ደውዬ ነግሬ ሃያ አራት ቀን ከሥራ ቀርቻለሁ። አሁን ተመልሻለሁ፤ ነገር ግን ሰው ደግፌ ማንሳት ከብዶኛል። የሽማግሌው ኢንሹራንስ ደውሎ እንዴት ነሽ ሲለኝ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ አልኩ፤ ስለ ፍጥነቴ ሲጠይቀኝም ምናልባት ትንሽ ፈጥኜ ይሆናል አልኩ። አሁን 1,800 ዶላር እንከፍላለን፣ ፈርሚ የሚል ወረቀት ልከውልኛል። አንድ የማላውቀው የአገሬ ሰው ደግሞ ስልኬን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በማውቀው ጠበቃና ኪሮፕራክተር (አከርካሪን በእጅ እያሸ የሚያክም ባለሙያ) 50,000 ዶላር አስገኝልሻለሁ ይለኛል። የጥገኝነት ጉዳዬ ቃለ መጠይቅ እየጠበቀ ስለሆነ ክስ ውስጥ መግባት ያስፈራኛል። ይቅርታ የጠየቁኝን ሽማግሌ መክሰስስ ነውር አይሆንም?»

የተከበሩ እህታችን፣

እግዚአብሔር እንኳን በሕይወት አተረፈዎት። የመጣልዎትን ወረቀት በዚህ ሳምንት አይፈርሙ፤ ቼክ ከላኩልዎትም ባንክ አያስገቡ። ምክንያቱን በዝርዝር እነግርዎታለሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚህ አካባቢ ለብዙ ዓመታት በጠበቆች ቢሮና በፍርድ ቤት ለወገኖቻችን ሳስተረጉም፣ ሕጉ የሚሰጣቸውን ካሳ በአንድ ፊርማ ወይም በአንድ የትሕትና ቃል ያጡ ሰዎችን አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ።

አስቀድሜ ሕሊናዎን የከበደውን ጥያቄ ላንሳ። ሽማግሌውን ይቅር ማለትዎ መልካም ነው፤ ካሳ በመጠየቅዎም ያ ይቅርታ አይፈርስም። በአገራችን «ሦስተኛ ወገን» የምንለው ኢንሹራንስ እዚህም አለ፤ ሰውዬው በየወሩ ሲከፍሉ የኖሩት ልክ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የተገባ ወይም የታደሰ የመኪና ኢንሹራንስ ለአንድ ተጎጂ የአካል ጉዳት ቢያንስ እስከ 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሰዎች በጠቅላላው እስከ 100,000 ዶላር፣ ለንብረት ደግሞ እስከ 25,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንኳ በክሱ ላይ የሚጻፈው የሰውዬው ስም ቢሆንም፣ ጠበቃ የሚያቆመውም የሚከፍለውም በተለመደው ሁኔታ ኢንሹራንሱ ነው። አብዛኛው ጉዳይ ደግሞ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል። ስለዚህ የሚጠይቁት ከአንድ አዛውንት ኪስ ሳይሆን፣ ለዚሁ ሲባል ክፍያ ከተቀበለ ድርጅት ነው።

ወረቀቱ ከኃላፊነት ነጻ የማድረጊያ ሰነድ ነው። በላዩ ላይ ሲፈርሙ በዚህ አደጋ ምክንያት ዛሬ የሚያውቁትንም ነገ የሚታወቀውንም ጉዳት ሁሉ በ1,800 ዶላር ዘጋሁ ማለትዎ ነው። ከስድስት ወር በኋላ በኤም አር አይ ምርመራ የአከርካሪ ዲስክ ጉዳት ቢታይ፣ ተመልሶ የሚጠየቅበት በር የለም ማለት ይቻላል። የኢመርጀንሲው ሂሳብና የሃያ አራት ቀን ደመወዝዎ ብቻ ተደምረው ከዚህ ገንዘብ እንደሚበልጡ እገምታለሁ። ድርጅቱ በሰባተኛው ሳምንት የሚቸኩለውም የጉዳቱ መጠን ገና ስላልታወቀ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ቨርጂኒያ ከአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የተለየ፣ ለተጎጂ እጅግ ጨካኝ የሆነ ሕግ አላት። በብዙ ቦታ አደጋው በሃያ በመቶ የእርስዎ ጥፋት ከሆነ ካሳዎ በሃያ በመቶ ይቀነሳል። በቨርጂኒያ ግን ለአደጋው መድረስ ምክንያት የሆነ ጥቂት ጥፋት እንኳ ካለብዎት ለአካል ጉዳትዎ ከሌላው አሽከርካሪ አንዳችም ካሳ ላያገኙ ይችላሉ። ሜሪላንድም እንደዚሁ ናት፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2013 ደንቡን እንዲለውጥ ተጠይቆ አልለወጠውም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2016 ባወጣችው ሕግ እግረኞችንና ብስክሌተኞችን ከዚህ ደንብ ብታወጣም፣ ለመኪና አሽከርካሪ ግን አሮጌው ደንብ አለ። እንግዲህ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ በስልክ «ፍጥነትሽ ስንት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅዎ የወዳጅ ጥያቄ አልነበረም። «ምናልባት ትንሽ ፈጥኜ ይሆናል» የሚለው መልስዎ፣ እኛ ዘንድ ጥፋቱን በሌላው ላይ ብቻ ላለመጫን የሚባል የጨዋ ሰው ንግግር ነው፤ በእነርሱ መዝገብ ግን ጥፋትዎን እንዳመኑ ተቆጥሮ ተጽፎ ይሆናል።

ይህን ስነግርዎ ተስፋ እንዲቆርጡ አይደለም። ጥፋቱን ተጋርታለች ብሎ የማስረዳት ሸክሙ የተከራካሪው ወገን ነው፤ በዚያም ላይ ፍጥነትዎ ለግጭቱ ምክንያት መሆኑን ማሳየት አለበት። ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊት ለፊቱ ለሚመጣው ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ ስላለበት፣ ፖሊሱም የቅጣት ወረቀቱን ለእሳቸው ስለሰጠ፣ አነሳስዎ ጥሩ ነው። ሽማግሌው በትራፊክ ችሎቱ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ካመኑ፣ በቨርጂኒያ ሕግ ያ ቃል በካሳው ክርክር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ስለዚህ የቀጠሮው ቀን መቼ እንደሆነና ምን እንደተወሰነ ይወቁ። የፖሊሱን ሪፖርት ከግዛቲቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት፣ ሁላችን ዲኤምቪ ከምንለው፣ በአደጋው ተካፋይነትዎ መጠየቅ ይችላሉ። መስቀለኛው ላይ ሱቅ ወይም የነዳጅ ማደያ ካለ ካሜራውን ዛሬ ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በላዩ ላይ ስለሚቀርጹበት ተስፋው የመነመነ ነው፤ ቢሆንም መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። መኪናዎ ገና በጋራዥ ከቆመ፣ ፎቶ ሳይነሳና ጠበቃ ሳያየው ለቁራጭ ብረት እንዳይሄድ ይከላከሉ።

ከእንግዲህ ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ በድምፅ የሚቀዳ ቃል አይስጡ፤ ለእነርሱ ቃል የመስጠት የሕግ ግዴታ የለብዎትም። ለራስዎ ኢንሹራንስ ግን በውልዎ መሠረት አደጋውን ማሳወቅና መተባበር ይጠበቅብዎታል፤ እስካሁን ካላሳወቁ አይዘግዩ። በዚያው አጋጣሚ ውልዎ ላይ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን የሕክምና ወጪ የሚከፍል ሽፋን መኖሩን፣ እንዲሁም የሌላው ሰው ኢንሹራንስ የማይበቃ ሲሆን የሚሞላ ሽፋን መኖሩን ይጠይቁ። ብዙ ወገኖቻችን ገዝተውት ሳለ መኖሩን አያውቁም።

ስለ ሕመምዎ ትንሽ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ይፍቀዱልኝ፤ አብዛኛው ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። እኛ «እንዴት ነህ?» ስንባል፣ ትኩሳት ላይ ብንሆንም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። ይህ ምስጋና ነው፤ ስለ ጤናችን የሚሰጥ መረጃ አይደለም። በሐኪሙ ወረቀት ላይ ግን «ታካሚዋ ደህና ነኝ ብላለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዓመት በኋላም ያንን መስመር አንድ ጠበቃ አንብቦ ይጠይቅዎታል። አንድ ጊዜ እጃቸውን ከትከሻቸው በላይ ማንሳት የማይችሉ አባት ሐኪማቸው ሕመሙን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ቁጥር እንዲናገሩ ሲጠይቃቸው «እሱ ያውቃል፣ ይሻለኛል» ብለው ሲመልሱ አስተርጉሜያለሁ፤ ቃላቸውን እንዳለ ከማስተላለፍ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም፤ የተጻፈውም «እየተሻለው ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ምስጋናውን በልብዎ ይያዙና ሕመሙን በሥራ ይግለጹት፦ ወደ ግራ ስዞር የት ድረስ እንደሚያመኝ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚያስነሳኝ፣ የማነሳቸውን እናት ከአልጋ ወደ ወንበር ለማሻገር ሰው መጥራት እንደጀመርኩ። አጋንነው አይናገሩ፤ አሳንሰውም አይናገሩ።

ከኢመርጀንሲው ወዲህ ሐኪም ሳያዩ ሳምንታት ማለፋቸው ችግር ነው፤ ኢንሹራንሱ «ታማ ቢሆን ኖሮ ትታከም ነበር» ይላል። ያለፈውን መመለስ አይቻልም፤ ክፍተቱ ዛሬ እንዲያቆም ማድረግ ግን ይቻላል። ለሐኪሙም ያልመጡበትን ምክንያት እንደ ነገሩኝ ይንገሩት፤ ሂሳቡን ፈርቼ ነው ማለት እውነት ነው፣ ሲጻፍም ይጠቅማል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ፤ የጎረቤት ልጅ እንዲያስተረጉም አያድርጉ።

እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር አለ። የጥገኝነት ጠያቂ ስለሆኑ፣ ምናልባት በአገር ቤት የደረሰብዎ ድብደባ ወይም ሌላ ጉዳት ይኖር ይሆናል። ቀድሞ የነበረ የጀርባ ወይም የአንገት ጉዳት ካለብዎ ለሐኪሙም ለጠበቃውም አይደብቁ። ሕጉ የበደለው ሰው ተጎጂውን እንዳገኘው ይቀበል ይላል፤ አደጋው የቆየ ሕመም ካባሰም ያባሰው መጠን ይካሳል። በክርክሩ ውስጥ በመሐላ የሚሰጡት ቃልና በጥገኝነት ማመልከቻዎ ላይ የጻፉት ታሪክ ግን መጋጨት የለባቸውም። በአንዱ ቦታ «ጀርባዬን ከዚህ በፊት አሞኝ አያውቅም» ብለው በሌላው ስለ ድብደባ ቢናገሩ፣ የሚጎዳዎ ካሳ መጠየቅዎ ሳይሆን ይህ አለመጣጣም ነው። ሁለቱ ጠበቆችዎ ስለ ሌላው ጉዳይ እንዲያውቁ ያድርጉ። ከዚህ ውጭ ስጋትዎ መሠረት የለውም፤ የካሳ ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ ወንጀል አይደለም፣ የመንግሥት እርዳታ መቀበልም አይደለም፣ ካሳ ለመጠየቅም ዜግነት አይጠየቅም።

አሁን እርስዎ ያልጠየቁትን፣ እኔ ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝን ልንገርዎ። አደጋው የደረሰብዎ ከሚንከባከቧቸው እናቶች ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ በሥራ ሰዓት ሲጓዙ ነው። ከቤት ወደ ሥራ መሄድ በተለመደው ሁኔታ እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ በሥራ ቀን ከአንድ ታካሚ ወደ ሌላ መጓዝ ግን የሥራው አካል ነው። ይህ ማለት ወርከርስ ኮምፕ የሚባለው፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ሊገባዎ ይችላል ማለት ነው። በዚህኛው መንገድ ተራ የማሽከርከር ስህተት ካሳውን አያስቀርም፤ በስልክ ስለ ፍጥነትዎ የተናገሩትም ዋጋ የለውም። ሕክምናዎን ይከፍላል፤ ሐኪም ሥራ እንዳይሠሩ ላዘዘበት ጊዜ ደግሞ ከአማካይ የሳምንት ደመወዝዎ ሁለት ሦስተኛውን ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የማይከፈሉ ሲሆን፣ ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ከሦስት ሳምንት ሲበልጥ ግን እነርሱም ይከፈላሉ፤ የእርስዎ ሃያ አራት ቀን ከዚያ አልፏል። በዚያ ጊዜ ሥራ እንዳይሠሩ ያዘዘ የሐኪም ወረቀት ከሌለዎ ይህ ክፍል ክርክር ሊያስነሳ ስለሚችል፣ የኢመርጀንሲውን መዝገብ አውጥተው ምን እንደተጻፈ ይመልከቱ።

በቨርጂኒያ አሠሪው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያውቅ ይጠበቃል፤ እርስዎ በጽሑፍ ባያሳውቁም ለአለቃዎ በዕለቱ ደውለዋል፣ አሠሪው አደጋውን በራሱ ማወቁ ደግሞ ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ነው። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳየውን የስልክ መዝገብ ያስቀምጡ። ጥያቄው ራሱ ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሕጉ የውጭ ዜጎችንም ይጨምራል፤ ይህን ስለጠየቀች ብቻ ሠራተኛን ማባረርንም ይከለክላል። አሠሪዎ በደብሊው-2 (የተቀጣሪ ሠራተኛ የደመወዝ ቅጽ) ሳይሆን በ1099 (በግሉ ለሚሠራ ሰው በሚሰጠው ቅጽ) የሚከፍልዎ ከሆነ ሠራተኛዬ አይደለችም ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ወረቀቱ ብቻውን ግን ነገሩን አይወስንም፤ ሰዓትዎንና ሥራዎን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ይታያል።

ያንን የ1,800 ዶላር ወረቀት አይፈርሙ ያልኩበት ሁለተኛው ምክንያትም ይኸው ነው። በቨርጂኒያ አንድ ሠራተኛ አሠሪው ወይም የአሠሪው ኢንሹራንስ ሳይስማማ ከገጨው ሰው ጋር ጉዳዩን ቢዘጋ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳውን ሊያጣ ይችላል። ለ1,800 ዶላር ብለው ለወራት የሚዘልቅ ሕክምናና የደመወዝ ክፍያ ሊያጡ ነው። ሁለቱንም መንገድ አብሮ መሄድ ይቻላል፤ ከሽማግሌው ኢንሹራንስ ከሚገኘው ላይ አሠሪው የከፈለው ይመለስለታል፤ ለሥቃይዎ የሚከፈለው ግን ከሽማግሌው ኢንሹራንስ በኩል ብቻ ነው የሚገኘው። ጠበቃ ሲመርጡ «ሁለቱንም ታውቀዋለህ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

የደወለልዎን ሰው ስልክ አያንሱ። ለጠበቃ ደንበኛ እየለቀሙ መሸጥ በቨርጂኒያ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ጉዳትዎን ሳያይ 50,000 ዶላር ብሎ የሚምል ሰው ደግሞ እውነት እየተናገረ አይደለም። ከእንዲህ ያለ እጅ የሚያልፍ ጉዳይ ያላስፈለገ የኪሮፕራክተር ሂሳብ ተደራርቦበት ተጎጂዋ በመጨረሻ ከሁሉ ያነሰውን ስትወስድ አይቻለሁ። ጠበቃዎን ራስዎ ይምረጡ። የአካል ጉዳት ጠበቆች አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያው ውይይት አያስከፍሉም፤ ክፍያቸውም ካሳው ሲገኝ ከላዩ የሚወሰድ ነው፤ የተለመደው ሲሶ ሲሆን፣ ክስ ከተመሠረተ ወደ 40 በመቶ ከፍ የሚልበት አለ። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የፍርድ ቤትና የሕክምና መዝገብ ማውጫ ወጪ ከጠበቃው ድርሻ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚቀነሰው፣ ጉዳዩ ቢሸነፍ ወጪውን ማን ይከፍላል የሚሉትን ከመፈረምዎ በፊት በአማርኛ ተተርጉሞ ይረዱ። የአገራችን ሰው መሆኑ ብቻ በቂ ምክንያት አይሁን፤ አማርኛ የማይናገር ጎበዝ ጠበቃ ከአስተርጓሚ ጋር ይሻላል።

ጊዜን በተመለከተ፣ ለአካል ጉዳት ክስ መመሥረቻው በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ ለመኪናው ጉዳት አምስት ዓመት ነው፤ በሜሪላንድና በዲሲ ሦስት ዓመት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አደጋው የደረሰበት ቦታ ሕግ ስለሆነ፣ ዲሲ የሚሠራ የቨርጂኒያ ነዋሪ ይህን ልብ ይበል። የገጨው መኪና የከተማ ወይም የካውንቲ ቢሆን ኖሮ በቨርጂኒያ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ዲሲም በራሷ ላይ ለሚቀርብ ጥያቄ እንዲሁ ስድስት ወር ነው። ከኢንሹራንስ ሠራተኛ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ መቆየት ቀኑን አያራዝምም። ለአካል ጉዳት የሚከፈል ካሳ ደግሞ በአጠቃላይ የፌዴራል የገቢ ግብር አይከፈልበትም።

የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ተመልሶ ሲደውል «ገና በሕክምና ላይ ነኝ፤ ጠበቃ እያማከርኩ ነው፤ የሚሉኝን በጽሑፍ ላኩልኝ» ብለው ስልኩን ይዝጉ። እንዴት ነሽ ካለዎት ይህንኑ ይድገሙለት። ነገ ጠዋት ሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። ለአሠሪዎ የሚላከውን ግን ዛሬ ማታ ይጻፉ፤ አጭር ኢሜይል ይበቃል፤ ልጅም ሆነ ወዳጅ ወደ እንግሊዝኛ ሊመልስልዎ ይችላል፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ከዚህ ታካሚ ቤት ወደዚህ ታካሚ ቤት በሥራ ላይ ስጓዝ የመኪና አደጋ ደርሶብኛል። አንገቴ ተጎድቷል። በዕለቱ በስልክ አሳውቄያለሁ። የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ኢንሹራንሳችሁን ስምና የምታከምባቸውን ሐኪሞች ዝርዝር ላኩልኝ።» የላኩበትን ቅጂ ያስቀምጡ።